ቁርኝቱ ከማን ጋር ነው?

በጤና ተቋሞቻችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ሳያቋርጡ በሰዓቱ መውሰድ «ቁርኝት» ይባላል። ቃሉን የመረጠው ባለሙያ አማርኛ አዋቂ መሆን አለበት። ቁርኝት ከ«ቁራኛ» ጋር የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። በቀደመው የሙግት ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አንዱ ሌላውን ጥሎ እንዳይሄድ ይቆራኙ ነበር። ቁራኛ እንግዲህ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ዜጋ «ተቆራኝ» ሲባል የቋጠሮው ሌላኛው ጫፍ በማን እጅ ነው? ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ወደ አገራችን ሕዝብ መድረስ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ክረምት በክፍያ ነበር፤ በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ገንዘብ ያለው ገዛ፣ የሌለው ሞተ። የያኔው መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ፣ እግር የሚያቃጥል፣ ጉንጭ የሚያጎደጉድ ስለነበር ብዙዎች ምስጢራቸውን መልካቸው አወጣባቸው። ዛሬ ዶሉቴግራቪር ያለበት አንድ ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የወረደ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍም በማያጠራጥር ሁኔታ ተረጋግጧል። ሳይንስ የድርሻውን ተወጥቷል ማለት ነው።

የቀረው ድርሻ የማን ነው? የጤና ሪፖርቶቻችን ሰዋስው መልሱን አስቀድሞ ወስኗል፤ «ታማሚው ጠፋ»፣ «ታማሚው አቋረጠ» ይላል። ባለቤቱ ምን ጊዜም ታማሚው ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ባል ክኒኑን አግኝቶ ሚስቱን ሲያባርር፣ ሪፖርቱ ያው ነው።

ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት፣ ዛሬ በአንድ የወረዳ ከተማ መምህርት የሆነች ሴት አለች። በከተማዋ ጤና ጣቢያ አለ፤ ነገር ግን የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጎረቤቷ ስለሆነ መድኃኒቷን የምትወስደው ሦስት ሰዓት ተጉዛ ከሌላ ከተማ ነው። ክኒኑን በቫይታሚን ብልቃጥ ትገለብጠዋለች፤ እንዳይንኳኳም ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላጓደለችም፤ ካርዷ ላይ «ጥሩ ቁርኝት» ተብሎ ይጻፍላታል። «ዶክተር፣ መድኃኒቱማ አንዲት ፍሬ ናት፤ እኔን ያደከመኝ መደበቁ ነው» አለችኝ። ለዚህ ድካም በካርዱ ላይ ቦታ አልተተወለትም። በእኔ እምነት መንግሥት የሚኮራባቸው የቁርኝት አኃዞች ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ የተዋጠውን ክኒን ይቆጥራሉ እንጂ ክኒኑን ለመዋጥ የተከፈለውን ዋጋ አይመዝኑም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቋጠሮውን የያዙ አልጠፉም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ በእንጦጦ ማርያም በሁለቱ መካከል ተጨንቆ ለነበረው ምእመን ከብዙ የምክር አገልግሎት የበለጠ ረድተዋል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጤንነታቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መሰጠቱም ለመምህርቷ ጉዞውን በዓመት ሁለት ብቻ አድርጎላታል። ይህ መመስገን አለበት።

ይሁንና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መንገድና ባንክ ተዘጋ። በዚያ ዘመን መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው በየትኛው ሰዋስው «አቋራጭ» ይባላል? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት በተቀሰቀሰበት በአማራ ክልልስ መንገድ ተዘግቶበት ቀጠሮው ላይ ያልደረሰው?

ከዚያ የጥር 2017 ዓ.ም. መጣ። አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታን በአንድ ፊርማ አገዱ፤ ጤና ሚኒስቴራችንም በዚሁ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ። ሕይወት አድን መድኃኒቶች ከእገዳው ቢወጡም፣ ቀጠሮ የሚያስታውሰው፣ የቀረውን ስልክ ደውሎ የሚፈልገው፣ የሚያጽናናው ሰው ግን ክኒን አይደለምና ከቅንጦት ተቆጠረ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ቁርኝት» እያልን ስናስተምር የቋጠሮው አንድ ጫፍ ዋሽንግተን ታስሮ እንደነበር ያን ጊዜ ገባን። የራሱን ዜጎች የዕለት ክኒን በሃያ ዓመት ውስጥ በራሱ በጀት ለመሸፈን ያልበቃ መንግሥት ስለ ሉዓላዊነት ሲደሰኩር መስማት ያሳፍራል።

በዚያው ሰሞን መምህርቷ ጥጡን አውጥታ የቀራትን ፍሬ ቆጠረች፤ ለሦስት ወር ይበቃ ነበር። በሚያዝያ በቀጠሮዋ ቀን ስትሄድ መድኃኒቱ ነበረ። ለዓመታት ያበረታታቻት፣ ራሷም ከቫይረሱ ጋር የምትኖረው አማካሪ ግን አልነበረችም፤ ክፍሉ ተቆልፏል። ክኒኑን በመስኮት ተቀብላ የሦስት ሰዓቱን መንገድ ተመለሰች።