ዝውውር

ወደ አርባ ምንጭ ተዛውረሃል የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ራሴን እንደ ተጣለ ዕቃ ቈጠርሁት። አንድ ቀን ወደ ማታ ግን በኩልፎ ዳር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አየሁ፤ አንዱ «ሳላዲን እኔ ነኝ!» እያለ ይሮጣል።

ያን ጊዜ የሳላዲን ሰይድን መንገድ አሰብሁ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ለግብፁ ዋዲ ደግላ፣ ለቤልጂጉ ሊርስ፣ ኋላም ለአል አህሊና ለአልጄሪያው ኤም.ሲ. አልጀር ተጫውቷል። በ2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ በዛምቢያ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት ብዙ ሰው አዘነበት፤ በሚከተለው ዓመት ግን አል አህሊ አስፈረመው።

ለተጫዋች ዝውውር እንጀራው ነው፤ ማልያው ይለወጣል እንጂ እግሩ ያው ነው። እርስዎም ነገ ደብዳቤው ቢደርስዎ፣ «ወዴት ሰደዱኝ?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሜዳ እንዴት ልጫወት?» ብለው ይጠይቁ።