ሕፃን ታቅፎ በታኅሣሥ ብርድ

ናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ የምንላት ከተማችን፣ በሙቀቷ እንጂ በብርዷ ስሟ ሲነሣ አይሰማም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ሞጆን ሲያልፍ ካፖርቱን አውልቆ በክንዱ ላይ ያደርገዋል። ነገር ግን ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ፣ ከንጋት በፊት ጀምሮ የሚነሣው ደረቅ ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ አቧራውንም ከየመንገዱ አንሥቶ በዓይን ላይ ይበትነዋል። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለው የተፈጸሙት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም እነዚያን ነጫጭ ክንፎች ከደጃችን ቆመን እንደ ሰዓት እናያቸዋለን። ሲፈጥኑ ሕፃኗን ይዘን አንወጣም፤ ሲያዘግሙ እንወጣለን። የዛሬው ወጋችንም ስለዚሁ መውጣትና አለመውጣት ነው።

ሁለተኛዋ ልጃችን የተወለደችው ጥቅምት 18 ቀን ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለችና ቀኑ ሲቈጠር ጥር 7፣ በሥላሴ ዕለት ዋለ። አራሷን ሊጠይቁ፣ ገንፎውንም ሊያገነፉ ከደብረ ብርሃን የመጡት እማማ (ለአንዳችን እናት፣ ለሌላችን አማት ናቸው) በገቡ ማግስት የመኝታ ቤቱን መስኮት በቡልኮ ጋረዱት፤ በበሩ ላይ ሁለተኛ መጋረጃ ሰቀሉ፤ በማዕዘኑም የከሰል ማንደጃ አኖሩ። ሕፃኗን ከአፍንጫዋ በቀር አንዳች እስከማይታይ ድረስ ጠቀለሏትና፣ «እንግዲህ ፀሐይና ነፋስ የሚያያት ክርስትና ከተነሣች በኋላ ነው» አሉን።

እማማን ልንወቅስ አይደለም። በደብረ ብርሃን ውርጭ አንድ ሌሊት ወርዶ የደረሰ ባቄላ ሲያቃጥል በዓይናቸው አይተው ያደጉ ሰው ናቸው። በዚያ አገር ብርድ ሲባል ወሬ አይደለም። የተማሩት ፍርሃት እውነተኛ ነበር፤ ወደ ቆላው ሲወርዱም እንደ ጋቢያቸው ይዘውት ወረዱ። ለነገሩ ቤተ ክርስቲያን አርባና ሰማንያ ቀን ብላ የወሰነችው ለክርስትናው ነው እንጂ መስኮት ዝጉ ያለችበትን ሥርዓት እኛ አናውቅም።

ነገር ግን እኛ ደግሞ የራሳችን ፍርሃት ነበረን፤ እርሱም ከበኵር ልጃችን የመጣ ነው። ያን ልጅ ስናሳድግ እማማ ከእኛ ጋር አልነበሩም፤ ስለዚህ ጥፋቱን በማንም ልናላክክ አንችልም። ሁለታችንም ሥራ እንውል ነበር፤ ሞግዚቲቱንም «ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይንም እንዳያርፍበት ከቤት አታውጪው» ብለን ያዘዝናት እኛው ነን። ልጁ ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሁሉ የሚመርቀው ሕፃን ነበር። ዓመት ሞላው፤ አልቆመም። «ሰነፍ ነው፣ ይደርሳል» አሉን። ዐሥራ ስምንት ወር ሞላው፤ አሁንም አልሄደም። ራሱን ያልበው ነበር፤ የእጁ አንጓ ሰፍቶ፣ በጐድኑም ላይ እንደ መቍጠሪያ ተሰድሮ ጕብ ጕብ ያለ ነገር በእጅ ይዳሰስ ነበር። ሐኪሙ ልብሱን አስወልቆ ከተመለከተው በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፤ «ይህ ልጅ ፀሐይ ያያል?»

በናዝሬት ተቀምጠን! ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በማይጐድልበት አገር! ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

በሽታው የአጥንት መልፈስፈስ ነው፤ ሐኪሞች ሪኬትስ ይሉታል። የፀሐይ ጨረር በገላ ላይ ሲያርፍ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያም አጥንት የሚጠነክርበትን ካልሲየም ሰውነት ከምግብ እንዲቀበል ያደርጋል። የእናት ጡት ወተት በዚህ ነገር ድኃ ነው። በመስታወት ውስጥ የሚገባው ፀሐይም ያሞቃል እንጂ አይበጅም፤ ምክንያቱም ብርሃኑን የሚያሳልፈው መስታወት ያንን ጨረር ያስቀረዋል። ገና ከአንድ ሰዓት በፊት የምትወጣው ቀይ ፀሐይ ለዓይን ደስ ብታሰኝም ጨረሯ ደካማ ነው። ልጃችን ጠብታ ታዘዘለት፤ ገላውም ፀሐይ አየ፤ በሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ሄደ። ዛሬ ኳስ ሲጫወት ከኋላው ሆነን ስናየው ግን ጕልበቶቹ ትንሽ እንደ ተራራቁ ነው። እርሱ አያውቀውም፤ እኛ እናውቀዋለን።

ከዚያ ወዲህ ያነበብነው አንድ ነገር ደግሞ ከአእምሯችን አልወጣ ብሏል። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች ያደረባቸው 500 ሕፃናትና ያላደረባቸው 500 ሕፃናት ተመርምረው፣ ውጤቱ በ1989 ዓ.ም. ታትሟል። ከታመሙት 210 የአጥንት መልፈስፈስ ሲገኝባቸው፣ ካልታመሙት የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። የለሰለሰ ጐድን ሳንባን በሚገባ አያስተነፍስም፤ አክታንም አያስወጣም። እንግዲህ ልጃችንን ከሳንባ ምች እንሸሽገው ብለን የዘጋነው ቤት፣ ለዚያው ለሳንባ ምች ሲያዘጋጅልን ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለእማማ ነገርናቸው። በትዕግሥት አዳመጡንና፣ «የዚያ ልጅ ዕጣው ነው» ብለው ከሰሉን ቆሰቆሱ።

ታኅሣሥ 17 እና 18 በየዓመቱ በከተማችን መካከል የቍልቢ መንገደኛ ይጐርፋል። መተሐራን፣ አዋሽን አልፎ ወደ ሐረርጌ ደጋ የሚወጣው አውቶቡስ ሁሉ ስለት ያላቸውን እናቶች የጫነ ነው፤ ብዙዎቹም በስለት ያገኙትን ሕፃን በዚያው ክርስትና ሊያስነሡ የታቀፉ ናቸው። እማማ በር ላይ ቆመው ሲያዩአቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እሳቸውም ከሁለታችን አንዱን፣ ገና የጥቂት ወር ልጅ ሳለ፣ ለቍልቢ ገብርኤል ተስለው በታኅሣሥ ብርድ አዝለው ወስደውታልና ነው። ሌሊቱን በሜዳ ነው ያደሩት። እኛም ይህን አጋጣሚ አላሳለፍነውም፤ «እማማ፣ ያን ጊዜስ ብርዱ የት ሄዶ ነበር?» አልናቸው። ዘወር ብለው አዩንና፣ «ያን ጊዜማ ተሸካሚው እሱ ነበር፤ እኔ ተከታይ ነበርሁ» አሉ። ለዚህ መልስ አላገኘንለትም። እውነቱን ለመናገር ዛሬም አላገኘንለትም።

ሆኖም ታኅሣሥ 20 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ክንፎቹ ማዘግማቸውን አይተን ሕፃኗን ይዘን ወጣን። እስከዚያ ድረስ ከግቢው ጥግ አልፋ አታውቅም ነበር። አለባበሷን እንንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሳይሆን ሦስት ስስ ልብሶች ደራርበን አለበስናት፤ ቢሞቃት አንዱን ለማውለቅ እንዲመች ነው። ራሷን በቆብ ሸፈንን፤ ፊቷን ግን ገለጥነው። በእናቷ ደረት ላይ በማዘያ ታስራ በላዩ ጋቢ ደረብን፤ የእናት ገላ ከየትኛውም ማንደጃ ይበልጣልና። እጇ ቢቀዘቅዝ አያስደነግጥም፤ የሚዳሰሰው ማጅራቷ ነው። ማጅራቷ ሞቅ ካለ ደኅና ናት፤ ካላበው ግን ያ ላብ ነፋስ ሲያገኘው ይበርዳታልና ልብስ መቀነስ ይገባል። ስለ አቧራው ደግሞ አንድ ነጠላ ይዘን፣ ባጃጅ ባለፈ ቍጥር ፊቷን እንከልላት ነበር። እማማ ይህን ከሩቅ ሲያዩ ለዓይን ብለን ያደረግነው መስሏቸው ደስ አላቸው፤ እኛም አላረምናቸውም።

ከነፋስ የተከለለ፣ ፀሐይ የመታው የግንብ ጥግ አግኝተን ተቀመጥን፤ እጅና እግሯን ለጥቂት ደቂቃ ገልጠን ፀሐይ አስነካናት። በአጠገባችን ወተት ልትሸጥ ከገጠር የመጣች እናት አለፈች፤ ልጅዋ በጀርባዋ ሆኖ ዓይኑን ከፍቶ ዓለምን ያያል። ከጎሕ ጀምራ በእግሯ መንገድ ላይ እንደ ነበረች ከእግሯ አቧራ ይታወቅ ነበር። ማንም መጽሐፍ አላስተማራትም፤ ሥራዋ ነው ያወጣት።

በስዊድን የምትኖር እኅታችን በስልክ ያጫወተችንም ትዝ አለን። በዚያ አገር በረዶ ሲጥል ሕፃናቱን በጋሪያቸው ውስጥ በሚገባ አልብሰው በደጅ ያስተኟቸዋል። በፊንላንድም መንግሥት ከ1938 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ለእናቶች በሚሰጠው ሣጥን ውስጥ ዛሬ የብርድ መውጫ ልብስ አብሮ ይገኛል። ለፀሐያቸው ደካማነት ደግሞ ለሕፃናቱ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይሰጣሉ። እኅታችን ይህን ነግራን ስታበቃ፣ «እነሱ ፀሐይ የሌለው ብርድ ይዘው ይወጣሉ፤ እናንተ ፀሐይ ያለው ብርድ ይዛችሁ ትደበቃላችሁ» ብላ ሳቀችብን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 23 ማታ፣ ሕፃኗ ሳለች።

እማማ አንድ ቃል አልተናገሩም። ምነው በተናገሩ አልን! ያ ዝምታ ከዘለፋ ሁሉ የከበደ ነበር። ሌሊቱን ሁለታችን ሰዓት ይዘን ደረቷን ስንመለከት አደርን። ነርስ ቀድሞ እንዳስተማረችን፣ ሁለት ወር የሞላው ሕፃን በአንድ ደቂቃ ውስጥ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የጐድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ሁለት ወር ላልሞላው ልኩ 60 ነው። እኛ ሦስት ጊዜ ቈጠርን፤ 44፣ 46፣ 44። አራተኛ ጊዜ ለመቍጠር አንዳችን ሲነሣ ሌላችን ያዝነው። በልባችን ውስጥ ግን፣ «ምናልባት እማማ እውነት ቢሆኑስ?» የሚል ሐሳብ ገብቶ ነበር፤ አልካድነውም።

ሲነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ደረቷን አዳምጣ ሳንባዋ ንጹሕ መሆኑን ነገረችን። ቀጥላም በቤት ውስጥ ሌላ የሚስል አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ነበር። በኵሩ ከትምህርት ቤት ጕንፋን ይዞ ከመጣ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ እኅቱንም በየማታው ይስማት ነበር። ጕንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ እንጂ ከነፋስ የሚወለድ አይደለም። ነርሷ በዚህ አላበቃችም፤ ሕፃኗ የተጠቀለለችበትን ልብስ አሽትታ፣ «በቤታችሁ ከሰል ይነዳል?» አለች። የተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ጢስ የሕፃንን ሳንባ እንደሚያደክም፣ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝም ተኝቶ ያደረ ቤተ ሰብ እስከ መጨረስ እንደሚደርስ ነገረችን። እማማ አብረውን ነበሩ። እኛ ሁለት ወር የለመንናቸውን በአንድ የነርስ ቃል ተቀበሉ፤ ማንደጃውን በዚያው ቀን ወደ ማድ ቤት መለሱት። የመስኮቱን ቡልኮ ግን አላነሡም፤ እኛ ከፍተነው ስንወጣ እሳቸው ተመልሰው ይዘጉታል። እስከ ጥር ድረስ እንዲህ ስንከፍትና ሲዘጉ ቆየን።

ጥር 7 ቀን ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለክርስትናው ተነሣን። ብርዱ ብርቱ ነበር፤ የግቢው ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ ይሰማል። ባጃጅ እንጥራ ብለን ስንመካከር፣ እማማ ሕፃኗን በአንቀልባ አዝለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከበሩ ቀድመውን ቆመዋል። «ነፋሱማ ቆሟል፤ አታዩትም?» ብለው በእጃቸው ወደ ኮረብታው አመለከቱን። ጨለማ ነበርና አንድም ክንፍ አይታይም። ነጠላችንን አጣፍተን ተከተልናቸው።