ከግራ ወደ ቀኝ

ትናንት ማታ መካነ ሰላም ጉም ለብሳ፣ እኔ «ኢንሳይድ»ን ለሦስተኛ ጊዜ ጨረስኩ። እ.ኤ.አ. የ2016 ጌም ነው፤ ባለታሪኩ ልጅ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ከግራ ወደ ቀኝ ይጓዛል። መንገዱ አንድ ስለሆነ ሠሪዎቹ ፍርሃቱን የት እንደሚያስቀምጡት ያውቃሉ፤ አያቴም እሳት ዳር ተረት ስትነግረን ጅቡን የምታመጣው ልክ ዓይናችን ሲፈጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. የ2017ቱ «ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ግን ያየኸውን ተራራ ውጣ ይላል። እሱ ደግሞ የከብት ጥበቃ ዘመኔን፣ የቦረና ሳይንት ጭላዳዎችን ያስታውሰኛል (ከብቶቹ የሰው ማሳ እስኪገቡ ድረስ ነፃነቱ ግሩም ነበር)። ቅር የሚለኝ፣ የጌሙ ጀግና ሊንክ ገደሉን በጨርቅ ክንፍ ተንሳፍፎ መሻገሩ ነው። እኛ ዘንድ ማዶ ያለው ሰው ስትጣራ ይሰማሃል፤ ልትደርስበት ግን ሸለቆውን ወርደህ ትወጣለህ፣ ግማሽ ቀን። ያንን ድካም የሚያስከፍለኝ ክፍት ዓለም እስኪመጣ ከአያቴ ጋር ነኝ።