ስልክ ከመግዛታችን በፊት ማማውን እንጠይቅ

በተቋማችን ግቢ ሦስት ሰልጣኞች ቆመው ሲነጋገሩ ከታዩ፣ ወሬው ከፈተና ቀጥሎ የስልክ ነው። አንዱ «የኔ ይፈጥናል» ይላል፤ ሌላው «የኔ ርካሽ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለት ሲም ካርድ ከኪሱ አውጥቶ በሁለቱም ላይ ይስቃል። ክርክሩ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው እንደ እግር ኳስ ድጋፍ እንጂ እንደ ትምህርት አይደለም። እኛ ግን ዕጩ መምህራን ነን። ነገ ምደባ ሲወጣ ገሚሶቻችን መኪና የማይደርስበት ቀበሌ እንገባለን። እዚያ ስልክ ጌጥ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን እንደ መምህር ብንመረምረው ምን እናገኛለን? ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ምርጫ ራሱ ለኛ አዲስ ነገር መሆኑን ልብ እንበል። የስልክ ነገር በአገራችን የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው ይባላል። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የሞባይል አገልግሎት ሰጪው ድርጅት አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙ ተለዋውጦ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃዱን በ2013 ዓ.ም. አግኝቶ፣ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሙከራ ጀመረ። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራውን ከፈተ። እንግዲህ አባቶቻችን «ስልክ አለ ወይስ የለም?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ እኛ «የትኛው?» ብለን መጠየቅ የጀመርነው ገና ትናንት ነው። መጠየቁን ግን ገና አልተማርነውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሞገድ ጥያቄ ነው። ፊዚክስ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 300ን በድግግሞሹ፣ ማለትም በሜጋኸርዙ ብናካፍል፣ የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። 900 ሜጋኸርዝ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከክፍል ማስመሪያ ትንሽ ይበልጣል። 1800 ሜጋኸርዝ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ይኸውም ያልተቀረጸ እርሳስ ያህል ነው። 2100 ሲሆን 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያው እርሳስ ጥቂት ከተቀረጸ በኋላ ማለት ነው።

ታዲያ የሞገድ ማጠርና መርዘም ለኛ ምን ያደርግልናል? ረዥሙ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳ ያልፋል፤ የኮረብታውን ጫፍ አልፎ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። አጭሩ ሞገድ ግን ኮረብታ ሲያጋጥመው ከኋላው ጥላ ይጥላል። ነገር ግን አጭሩ የራሱ ጥቅም አለው፤ በዚያ በኩል ሰፊ መንገድ ስለሚገኝ ብዙ ዳታ ያመላልሳል። ከተማ ውስጥ ማማው ቅርብ ስለሆነ አጭሩ ይበቃል፤ ቪዲዮም ያወርዳል። በገጠር ግን አንድ ማማ ብዙ ቀበሌ መሸፈን ስላለበት አለኝታው ረዥሙ ነው። የሬዲዮ ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ርዝመቱ በመቶ ሜትር የሚቆጠር የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ገደል ውስጥ ላለ እረኛ ይሰማል፤ ኤፍ ኤም ግን ከከተማ ትንሽ እንደ ራቅን ይጮኽና ይጠፋል።

ይህን በቃል ብቻ አላወቅሁትም። አሜሪካ የምትኖር አክስቴ በአንድ መንገደኛ እጅ ስልክ ላከችልኝ። «ልጄ፣ መምህር ስትሆኚ ያስፈልግሻል» ብላ ነው። ሲም ካርዴን ከትቼ ስከፍተው «ይህ ሲም አይሠራም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደምበጫ ገበያው አጠገብ ካለ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ አገላብጦ አየውና «እህቴ፣ ይኸ ስልክ ሌላ ባለቤት አለው» አለኝ። የተሰረቀ መስሎኝ ክው አልኩ። «አይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም፤ ዕዳ አለበት ማለቴ ነው» ብሎ አስረዳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ የውጭ አገር የስልክ ድርጅት ስልኩን በርካሽ ወይም በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ ይሰጥና፣ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ በሱ ሲም ካርድ ብቻ እንዲሠራ ይቆልፈዋል። ሎክ የምንለው ይኸ ነው። ለድርጅቱ ዋስትና፣ ለገዢው ደግሞ እግር ብረት ነው። በዚህ ላይ መንግሥታትም ሕግ አውጥተዋል። በካናዳ ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ስልክ ተቆልፎ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ በእንግሊዝም ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወዲህ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በ2006 ዓ.ም. ክረምት የወጣው ሕግ ተጠቃሚው ስልኩን ማስከፈት እንዲችል ፈቀደ እንጂ መቆለፍን አልከለከለም። አክስቴ የቀራትን ክፍያ ጨርሳ ድርጅቱን ጠየቀች፤ እነሱም ከፈቱት። ጠጋኙ ልጅ «እኔ ጋ ብዙ ብር ከምታወጪ በባለቤቱ በኩል አስከፍቺው» ብሎ መመለሱን ሳላመሰግን አላልፍም። እንዲህ ያለ ባለሙያ ለአንድ ከተማ ሀብት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የስልክ ቁልፍ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የድርጅቱ ቁልፍ ከላይ የተናገርኩት ነው። ሁለተኛው የባለቤቱ አካውንት ቁልፍ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ካልለቀቀው በቀር ስልኩ ከጡብ አይሻልም። ሦስተኛው እያንዳንዳችን መስተዋቱ ላይ የምናደርገው የይለፍ ቃል ነው። ሻጭ «ሎክ የለውም» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። *#06# ብንጽፍ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ ብሎ ማመሳከር ደቂቃም አይፈጅም።

ወደ ሞገዱ ልመለስ። ስልኬ ተከፍቶ ደምበጫ ከተማ ውስጥ አምሮበት ሠራ፤ ዳታውም ይበር ነበር። ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ስወጣ ግን ዝም አለ። አጠገቤ የነበሩት ርዕሰ መምህር ደግሞ ጠርዙ በጎማ በታሰረ ባለ ቁልፍ ስልካቸው ተራራው ወገብ ላይ ቆመው ያወራሉ። የስልኬን ዝርዝር ፈልጌ ሳነብ ምሥጢሩ ተገኘ። ስልኩ የተሠራው ለአሜሪካ ነው። በዚያ አገር የቆየው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ 850 እና 1900 ሜጋኸርዝ ላይ ነበር፤ በአፍሪካና በአውሮፓ ግን 900 እና 1800 ነው። የኔው ስልክ ለሦስተኛው ትውልድ የሚሆን 2100 ስላለው ከተማ ውስጥ ይግባባል፤ 900 ስለሌለው ግን ገጠር ሲገባ መስማት ተሳነው። ዛሬ የሚሠሩ ብዙ ስልኮች ሁሉንም ይይዛሉ። ዳሩ ግን ከዘመድ የሚላከውና ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ የሚገኘው ሁልጊዜ አዲስ አይደለም።

በዚያው ሳምንት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አምቡላንስ የተጠራው በዚያች ጎማ በታሰረች ስልክ ነው። መኪናው መንገዱ እስከሚያልቅበት መጣ፤ ልጁን በቃሬዛ አወረድነው። እኛ ወጣቶች በኪሳችን የያዝናቸው ባለ መስተዋት ስልኮች በዋጋ ሲደመሩ የርዕሰ መምህሩን ስልክ ስንት እጥፍ እንደሚሆኑ ማን ይናገር! የዚያን ቀን ግን ሰዓት ከማሳየት በቀር አልጠቀሙም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚምታታብን ነገር መገናኘትና ሮሚንግ ነው። ከአንዱ ድርጅት ቁጥር ወደ ሌላው መደወል ይቻላል፤ ከ09 ወደ 07፣ ከ07 ወደ 09። ይኸ የሁለቱ መረቦች መያያዝ ነው። ሮሚንግ ግን ሌላ ነው። ሮሚንግ ማለት የራሴ ድርጅት ማማ በሌለበት ቦታ ሲም ካርዴ በሌላው ማማ ተጠግቶ እንግዳ ሆኖ ሲያድር ነው። ድርጅቶቹ እንዲህ ያለ ስምምነት ባልዘረጉበት ቦታ ላይ፣ አጠገባችን ማማ ቆሞ እያየነው ስልካችን «ኔትወርክ የለም» ሊል ይችላል። በድንበር ተሻጋሪው ሮሚንግ በኩል ምሥራቅ አፍሪካ ፈር ቀዳጅ ነበረች። በ1999 ዓ.ም. መግቢያ ሴልቴል በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ለደንበኞቹ ድንበሩን አነሣላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ለአባል አገሮቹ የሮሚንግ ተጨማሪ ክፍያን ያስቀረው ከዚያ በኋላ፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። ያልሠለጠነ የሚባለው አኅጉር አንዳንዴ ቀድሞ እንደሚያስብ ለተማሪዎቻችን ብንነግራቸው አይከፋም።

ስለ ፓኬጅም ጥቂት ልበል። እዚህ ላይ ሒሳብ እንጂ ስሜት አይሠራም። ለስሌት ያህል (የማንም ድርጅት ዋጋ አይደለም) የአንድ ቀን ፓኬጅ 200 ሜጋባይት በ10 ብር፣ የወር ፓኬጅ 4,000 ሜጋባይት በ100 ብር ነው እንበል። የቀኑ በሜጋባይት 5 ሳንቲም ሲመጣ የወሩ 2.5 ሳንቲም ይመጣል። «የወሩ ርካሽ ነው» ብለን እንቸኩላለን። ነገር ግን ኔትወርክ የሚያገኘው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለገበያ ሲወርድ ብቻ የሆነ መምህርስ? በወር 4 ጊዜ 200 ሜጋባይት ቢጠቀም 800 ነው። በወሩ ፓኬጅ 100 ብር ለ800 ሜጋባይት፣ ማለትም በሜጋባይት 12.5 ሳንቲም ከፈለ። የቀኑን 4 ጊዜ ቢገዛ 40 ብር ብቻ ያወጣ ነበር። ርካሹ ጥቅል ለማይደርሱበት ሰው ውድ ነው። የቀረውም ዳታ ጊዜው ሲያልፍ ይቃጠላል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ይህንን ሁላችንም አይተነዋል። ያን ጊዜ የድምፅ ጥሪና አጭር መልእክት በተገኘበት ቦታ ሁሉ ባለ ቁልፏ ስልክ እንደገና ተከበረች።

ከሞገዱም ከፓኬጁም በላይ የምለው ግን ሌላ ነው። በገጠር ቀበሌ መምህር ማለት የሰው ሁሉ ዓይን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተጀመሩ ወዲህ ከአዲስ አበባም ከዐረብ አገርም ልጅ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ በአጭር መልእክት ይደርሳል። እናቲቱ ፊደል ካልለየች ወዴት ትሄዳለች? ወደ ትምህርት ቤት። በልምምዴ ወቅት አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና «መምህር፣ ልጄ ላከልኝ ይላሉ፤ እስቲ እዪልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ቀጥለውም የሚስጥር ቁጥሩን ጮክ ብለው ነገሩኝ፤ ሰልፍ ላይ ያለው ተማሪ ሁሉ ሰማ።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲያዩ እናቲቱን ወደ ቢሮ ጠርተው አስቀመጧቸው። «እማማ፣ ይኸ ቁጥር የጎተራዎ ቁልፍ ነው። ለኔም ቢሆን አይንገሩ» ብለው አዲስ ቁጥር ራሳቸው እናቲቱ እንዲነኩ እጃቸውን እየመሩ፣ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አስቀየሯቸው። አኃዝ ከ0 እስከ 9 ለመለየት አንድ ከሰዓት በኋላ በቃ። በኮርሳችን ውስጥ ስለ መምህር ሥነ ምግባር ብዙ ገጽ አንብበናል፤ ለኔ ግን ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር የተባለው ትምህርት ከሁሉ በለጠብኝ።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ ምደባ ሲወጣ ሦስት ነገር እናድርግ እላለሁ። አንደኛ፣ ሲም ካርድ ከመግዛታችን በፊት ወደዚያ ቀበሌ የሚመላለስ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናግኝና «ከየትኛው ማማ ነው የሚያዘው? የት ቆማችሁ ነው የምትደውሉ?» ብለን እንጠይቅ። ከተማ ውስጥ ያለ ማስታወቂያ የዚያን ሸለቆ አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ከሻጭም ሆነ ከዘመድ ስልክ ስንቀበል 900 ሜጋኸርዝ እንዳለውና ቁልፉ ሁሉ እንደተከፈተ እናረጋግጥ፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ቢሆን ደግሞ ክርክራችን ራሱ ያበቃል። ሦስተኛ፣ ፓኬጁን ኔትወርክ በምናገኝበት ቀን ቁጥር እናካፍለው።

በየአገሩ የተበተኑ ዘመዶቻችንም ስልክ ሊልኩልን ሲያስቡ በስስት ሳይሆን በፍቅር ነውና፣ አስቀድመን ይህንኑ ብንነግራቸው ገንዘባቸው አይባክንም። አክስቴ ዛሬ ከመላኳ በፊት «900 አለው ወይ?» ብላ ሻጩን ታስጨንቃለች አሉ። ያን ስልኬንም አልጣልኩትም። ኔትወርክ ባይይዝም የመማሪያ መጻሕፍትን ይይዛል፤ ሥዕል ያሳያል፤ ድምፅ ይቀዳል። ክፍል ውስጥ ሠላሳ ሕፃናት ተሰብስበው የሰው ልብ ሲመታ ያዩት በሱ ነው። ለመደወል ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝቻለሁ፤ ጎማው ብቻ ይቀረዋል።