ሥልጣኑ የማን ነው?

የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች እንደመሆናችን አንድ የዕብራይስጥ ግሥ ደጋግሞ ያጋጥመናል፤ «ሊሽሎጥ»። የእንግሊዝኛው «ኮንትሮል» ይቀርበዋል፤ ሥሩ ደግሞ ከእኛው «ሥልጣን» ጋር አንድ ነው። መንግሥት «ሺልጦን»፣ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ «ሻላጥ» ይባላል። የሥራ ቅጽ ላይ «ሾሌጥ በዒቭሪት?» ሲል ግን ቋንቋውን በደንብ ይችላሉ ወይ ማለቱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አማርኛ የማታውቅ ባልደረባችን ይህን ጥያቄ ለአንድ አባት አቀረበች። የአሥር ዓመት ልጃቸው «አባዬ፣ በዕብራይስጥ ላይ ሥልጣን አለዎት ወይ?» ብሎ ተረጎመ። አባትየውም «ሥልጣኑስ ያንተ ነው፤ እኔ ተሽሬአለሁ» አሉት።

ሳቅን። ኋላ ግን አፈርን። ልጁን አስተርጓሚ አድርገን በአባቱ ጉዳይ ያስገባነው እኛው ነበርን። የቤቱን ችግር በልጅ አፍ ስናስነግር አባትየውን ከወንበራቸው አስነሣናቸው።

ልጅ ቋንቋ ቻለ ማለት ቤት አዘዘ ማለት አይደለም። ስለዚህ ቢሮ ስትመጡ አማርኛ የሚያውቅ አዋቂ ሰው ጠይቁ፤ ልጁ ትምህርቱ ላይ ይዋል። ዕብራይስጥ አለመቻል ከወላጅነት መሻር አይደለም።