ቤቱን ያለበሰው ክር

ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን የመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ምስሉ ጥራት ነበር። እኛ ቤት ግን መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ "ታዲያ ዳንቴሉ የት ሊቀመጥ ነው?" የሚል ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ሰፊ አናት ነበረው። ዳንቴሉ እላዩ ላይ ይነጠፋል፣ ሹል ጫፉ ወደ መስታወቱ ወረድ ብሎ የዜና አንባቢውን ግንባር ይከልላል፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል፣ ከአበባው ጎን የአንዱ ዘመድ የምረቃ ፎቶ። አዲሱ ቴሌቪዥን ይህን ሁሉ ጉባኤ በአንድ ቀን በተነው። እናቴ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ዳንቴሉን ለዲኮደሩ አለበሰችው። ዲኮደሩ ሙቀት በዝቶበት በየመሀሉ መጥፋት ሲጀምር ደግሞ ለማይክሮዌቩ።

ከውጭ ቆሜ የምስቅ እንዳይመስላችሁ። እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ። ኪሮሽ ከቦርሳዬ አይለይም፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ እሠራለሁ፣ ልጆቼ እስኪወጡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እሠራለሁ፣ መብራት ሲጠፋም በዳበሳ እሠራለሁ። ክረምት ሲገባ ኪሮሹን አስቀምጬ ሁለቱን ረጃጅም መርፌዎች አነሣለሁ፤ ሹራብ፣ ካልሲ፣ የአንገት ልብስ። ዘመድ አረገዘች ሲባል ሌላው ሰው ስለ ገንፎው ያስባል፣ እኔ ስለ ኮፍያው ቀለም። ባለቤቴ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ "ብዙ ከቆየሁ እኔንም ትሸፍኚኛለሽ" ይላል። ይህን የሚለው የሪሞቱን ልብስ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ቀሚስና የውሃ ማጣሪያውን ካባ ፊት ለፊቱ እያየ ስለሆነ ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም።

በእጅ የተሠራ ስጦታ ትልቁ ጠባዩ እምቢ አለመባሉ ነው። ከሱቅ የተገዛ ብርጭቆ ያልወደደው ሰው ለሌላ ሰርግ ያሳልፈዋል፤ ማንም ሳይከፍተው ከሰርግ ሰርግ የሚዞር የብርጭቆ ካርቶን በዚህ ከተማ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ዳንቴል ግን አይተላለፍም። ሠሪው ይታወቃል፤ ይባስ ብሎ ሠሪው አንድ ቀን ቡና ሊጠጣ ይመጣል። እናቴ ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው የቤቱ ባለቤት ላይ ሳይሆን የሶፋው ትከሻ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ዘመዶቻችን እሷ ደጅ ስትደርስ ከቁም ሳጥን ዳንቴል እያወጣ የሚያነጥፍ ልጅ መድበዋል። "አንዴ ይጠብቁ፣ በሩ እምቢ ብሎኝ ነው" የሚል ድምፅ ከውስጥ ከተሰማ፣ ነገሩ የቁልፍ እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ይህ ነገር ከየት መጣብን? አያቴ እንዝርት ነበራት እንጂ ኪሮሽ አልነበራትም። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የክር ሥራ ድንበሩ የታወቀ ነው፤ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። አያቴ ጥጡን አባዝታ ፈትላ ስታበቃ ለሸማኔ ታስረክብና ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ጋቢው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቀው እሱ ነው። (መሶቡና ሙዳዩ እርግጥ ከጅምሩ እስከ ክዳኑ የራሷ ነበር፤ እሱ ግን የስንደዶና የአክርማ ጉዳይ ነው።) እንግዲህ እናቴ በቤታችን የክር ታሪክ ውስጥ ሸማኔን ያሰናበተች የመጀመሪያዋ ሴት ናት ማለት ነው። ለኪሮሽ ድርና ማግ አያስፈልግም፤ አንድ ክርና አንድ ጫፉ ቆልመም ያለ መርፌ ይበቃል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። አንዱ ክር ብቻውን አልጋ ልብስ ይሆናል፤ ጫፉን ከሳቡት ደግሞ አልጋ ልብሱ ተተርትሮ መልሶ ክር ይሆናል።

መተርተሩን እኔ ከመሥራቱ በፊት ነው የተማርኩት። የታላቅ ወንድሜ ሹራብ ክርኑ ሲያልቅ እናቴ ከአንገቱ ጀምራ ትተረትረዋለች፤ እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፣ ክሩ በእጆቼ ላይ ይጠመጠማል። ተጠማዞ የኖረ ክር ስለሆነ ታጥቦ፣ ተንጠልጥሎ፣ ውሃው እየጎተተ እስኪያቃናው ይጠበቃል። ከዚያ ከሌላ ቀለም ጋር ተዳብሎ የእኔ ሹራብ ይሆናል፤ ከእኔ ወደ ታናሼ። የመጨረሻ ልጅ የሚለብሰው ሹራብ የቤተሰቡን ቀለም ሁሉ የያዘ ስለሆነ ማንም አይሰርቀውም ነበር።

እናቴን "ኪሮሹን ከማን ተማርሽ?" ብዬ ስጠይቃት "ከትምህርት ቤት ነዋ!" አለችኝ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት። "የባልትና ክፍለ ጊዜ ነበረን። ወንዶቹ ወደ እርሻው ይወጣሉ፣ እኛ ኪሮሻችንን እናወጣለን።" አስተማሪዋስ? "ሲስተሮች ጋ ያደገች ናት።" ከዚህ በላይ ያለው መንገድ ሩቅ ቢሆንም ይታያል። በ1931 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) አዲስ አበባ ውስጥ ለሴት ልጆች የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም ሆነ ሚሲዮኖቹ በየአገሩ የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች፣ ለሴት ልጅ ከፊደሉ ጋር መርፌም ያስይዙ ነበር። የዘመኑ አስተሳሰብ ነው፤ ወንዱ ጸሐፊ እንዲሆን፣ ሴቷ የጸሐፊ ሚስት እንድትሆን። ብቻ የጸሐፊው ደመወዝ ሲቋረጥ ያ መርፌ ቤት ያኖረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ይህን ማንም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አላሰበውም።

ሲስተሮቹስ ከየት አመጡት? አውሮፓም ብትሆን ኪሮሽን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያስፋፋችው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የሹራብ ሥራ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን ፈልስፎ፣ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ "የድሆችን እንጀራ ይነጥቃል" በሚል ፈቃድ ነሣችው ይባላል። ኪሮሽን ግን እንደ ሰው እጅ አድርጎ የሚሠራ ማሽን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አልዋለም። ቡቲክ ውስጥ በርካሽ ተንጠልጥሎ ያያችሁት እውነተኛ የኪሮሽ ልብስ፣ የሆነ ቦታ የሆነች ሴት በጣቷ የሠራችው ነው። ዋጋው ያን ያህል የረከሰው የማን ድካም ተረስቶ እንደሆነ ለእናንተው ልተወው።

ይህን ሥራ የድሀ እንጀራ ያደረገው ረሀብ ነው። አየርላንድ ውስጥ በ1845 ድንቹን በሽታ መታው፤ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የማያንስ አገር ጥሎ ተሰደደ። ኮርክ አካባቢ መነኮሳይያት፣ ክሎንስ በምትባል ከተማ ደግሞ ካሳንድራ ሃንድ የተባለች የቄስ ሚስት፣ ለሴቶች ኪሮሽ ያስተምሩ ጀመር። የቬኒስ መኳንንት ይለብሱት የነበረውን በቀጭን መርፌ የሚሠራ ዳንቴል በኪሮሽ ማስመሰል ይቻላል፤ በዚያ ላይ በጣም ይፈጥናል። አንዷ ጽጌረዳ ብቻ ትሠራለች፣ ሌላዋ ቅጠል፣ ሌላዋ ታጋጥማለች። የየቤተሰቡ አበባ ምስጢር ስለነበረ እንግዳ ሲገባ ሥራቸውን ይደብቁ ነበር ይባላል። ይህን ሳነብ የፎቃችን ጎረቤት እትዬ ትዝ አሉኝ። አዲስ ናሙና የጀመሩ ዕለት ቡና ሲጠሩን ሥራቸውን ትራስ ሥር ይከታሉ። "ምን እየሠሩ ነው?" ስላቸው "ኧረ ምንም፣ ዝም ብዬ ነው" ይላሉ፤ የክሩ ኳስ ግን ከትራሱ ሥር ወጥቶ እስከ በሩ ድረስ ተንከባሏል።

ንግሥት ቪክቶሪያም ኪሮሽ ትሠራ ነበር። በ1900፣ በሰማንያ ዓመቷ ግድም፣ ደቡብ አፍሪካ ለሚዋጉ ወታደሮች ስምንት የአንገት ልብስ በእጇ ሠርታ በጀግንነት ለተመረጡት ተሰጠ። እኛ ከዚህች ሴት ጋር የቆየ ሂሳብ አለን። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 የጻፉላት ደብዳቤ ለንደን መሥሪያ ቤት ውስጥ መልስ አጥቶ በመቅረቱ ነው ነገር ተካሮ መቅደላ ድረስ የተደረሰው። ለደብዳቤ ያልተገኘ ጊዜ ለአንገት ልብስ ተገኘ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ለቴዎድሮስ አልተቆረቆረችም። "ስምንት ብቻ?" ነው ያለችው።

የሶፋው መደገፊያ ላይ የሚነጠፈውም መነሻው ቁም ነገር ነው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወንዶች የማካሳር ዘይት የሚባል የፀጉር ቅባት ይቀቡ ነበር። ቅባቱ ወንበሩን ሲያበላሸው የቤት እመቤቶች መደገፊያው ላይ ወልቆ የሚታጠብ ጨርቅ ጣል ማድረግ ጀመሩ። እኛ ጋ ሲደርስ ምክንያቱ ቀርቶ ጌጡ ብቻ መጣ የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አድርጋ የምትመጣ አክስት የላቸውም።

የቤታችን ዋነኛ የኪሮሽ ሊቅ ግን እናቴም እኔም አይደለንም፤ አጎቴ ናቸው። ጋሼ ድምፃቸው ወፍራም፣ ትከሻቸው ሰፊ ነው፤ ወጣት ሳሉ በደርግ ጊዜ ታስረዋል። ስለ እስሩ ጠይቁኝ አይሉም። ስለ ኪሮሹ ከተጠየቁ ግን ይከፈታሉ። መርፌውን ያወጡት ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው፤ ጫፉ ታጥፎ፣ ሲሚንቶ ላይ ታሽቶ። ክሩ ከስንቅ ጋር ሲገባ ይገባል፣ ካልገባ ያረጀ ሹራብ ይተረተራል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ መሐንዲሱ ግድግዳ ተደግፎ አበባ ይቆጥራል። "እጅሽ ሥራ ከያዘ ጭንቅላትሽ ትንሽ ያርፋል" ይሉኛል፤ "በዚያ ላይ ስትሳሳቺ ትተረትሪዋለሽ። እዚያ ቤት መልሶ የሚተረተር ሌላ ነገር አልነበረም።"

ስንቅ የምታመላልሰው አያቴ ነበረች። ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ ታስገባለች፤ ባዶው ይመለስላታል፤ በዚያም ልጇ በሕይወት መኖሩን ታውቃለች። አንድ ቀን ባዶው ሳህን ዳንቴል ለብሶ ወጣ። አያቴ ፊደል ባትቆጥርም ይህን አነበበችው፤ አለ፣ ጣቶቹም ደህና ናቸው። ወረቀት ቢሆን ይበረበር ነበር። አበባ ማን ይበረብራል?

ጋሼ ከተፈቱ በኋላ ቤተሰቡ ሊድራቸው ሲነሣ አንድ ችግር ገጠመ። ሽማግሌዎቹ የሙሽራውን ሙያ ሲያስረዱ ኪሮሹን ይጥቀሱት ወይስ ይዝለሉት? ተመከረበት፤ እንዲዘለል ተወሰነ። ሙሽራይቱ ግን ቤቷ ስትገባ አልጋው ላይ የተዘረጋውን ልብስ አገላብጣ አየችና "ይህን የሠራችውን ሴት አስተዋውቁኝ" አለች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተናገሩ። እሷም እስከ ዛሬ ኪሮሽ አልነካችም፤ "አንድ ቤት ውስጥ አንድ ባለሙያ ይበቃል" ትላለች።

ኪሮሽ የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚሉ ሰዎችን ወደ ጋሼ ነው የምልካቸው። ክሩን ወደ ኋላ በሳብኩት ቁጥር የማገኘው ጠባቂ እንጂ ሥራ ፈት አይደለም። የአየርላንዷ ሴት የመርከብ ተራዋን ትጠብቃለች፣ አጎቴ ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። እኔም ታክሲ። የእኔ ቀላሉ ነው፣ አውቃለሁ።

ሰሞኑን ግን ቤታችን ያልለመደው ነገር ገጥሞታል። የእህቴ ልጅ ያደገችው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በልጅነቷ እናቴ የላከችላትን ሹራብ "ይበላኛል" ብላ አንድ ቀን እንኳ ሳትለብሰው ቀርታለች። አሁን ኪሮሽ ፋሽን ሆኗል አሉ፤ የአንድ ረጅም ቀሚስ ፎቶ ልካ "እማማ ትሥራልኝ፣ እከፍላለሁ" አለች። እናቴን ያስቀየማት "እከፍላለሁ" የሚለው ነው። ጋሼን ግን ያስደሰታቸው እሱው ነው፤ በዚህ ቤት ስንት ያወጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ወረቀት አውጥተው በሰዓት አሰሉት፣ በአሜሪካ ዝቅተኛ ደመወዝ አባዙት፣ ድምሩን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። "በዚህ ዋጋ" አሉ፣ "መንግሥት ለእኔ ብዙ ዕዳ አለበት።"

እናቴ ዋጋውን ከነወረቀቱ ወደ ጎን አድርጋ ፎቶውን በስልኳ አቀረበችው፣ አራቀችው። "ይኼ ሁሉ ቀዳዳ ነው?" አለች። ዳንቴል እንደሆነ፣ ቀዳዳው ሥራው ራሱ እንደሆነ አስረዳኋት። ይህን የምነግረው ዕድሜዋን ሙሉ ቀዳዳ ስትሠራ ለኖረች ሴት ነው። "ቴሌቪዥን ላይ እኮ ነው የማነጥፈው!" አለችኝ። በማግስቱ መርካቶ ወርዳ ከክሩ ጋር ነጭ የገበር ጨርቅ ገዝታ ተመለሰች። ልጅቷ ገበር እንደማትፈልግ ሁለት ጊዜ ጽፋለች፤ እናቴ መልእክቱ እንዳልገባት ሆናለች። ቀሚሱ እስከ ወገቡ ደርሷል። ጋሼ ደግሞ ገበሩ ለብቻው እንዲታሰብ ጓዳ ድረስ ገብተው አሳስበዋል።