አሥሩን ልጁ ራሱ ይሰር

ልጅ እስከ መቶ ሲቆጥር ቤተሰብ ደስ ይለዋል። እንግዳ ሲመጣም «በል እስቲ ቁጠርላቸው» እንላለን። ቆጠራ ግን እንደ መዝሙር በቃል ሊያዝ ይችላል፤ የተጻፈው ቁጥር ምን እንደሚል መረዳት ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱን በደንብ ያየሁት ከጡረታ በኋላ፣ እዚህ እንጅባራ የልጅ ልጄን ሳስጠና ነው። ሃያ ሦስት የቀርከሃ ስንጥር ቆጥሮ 23 ብሎ በትክክል ጻፈ። 3ን በጣቴ እያሳየሁ «ይህ የትኞቹ ናቸው?» አልኩት፤ ሦስት ስንጥር አነሳ። 2ን ሳሳየው ሁለት አነሳ። «የቀሩትስ?» ስለው ዝም አለ። አሥራ ስምንቱ ስንጥር ለእሱ ከቁጥሩ ውጪ ነበር።

እኛ አያቶች ለምደነው ቀላል ይመስለናል እንጂ ነገሩ ረቂቅ ነው። በግእዝ ቁጥር ፳ ሁልጊዜ ሃያ ነው፤ ከ፪ ጋር አይምታታም፤ ዜሮም አያሻውም። ልጆቻችን በሚማሩት አጻጻፍ ግን ያው 2 በአንድ ቤት ሁለት፣ በአሥር ቤት ሃያ ይሆናል። የ20 ዜሮም የአንድ ቤቱ ባዶ መሆኑን ይናገራል።

በነርስነት ዘመኔ የዚህን ክብደት አውቀዋለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን የታዘዘ እንክብል 21 ነው፤ አሥር አሥር ፍሬ ከያዘው እሽግ ሁለት ሙሉ፣ በላዩ አንድ ፍሬ። 21ን 12 ብሎ የቆጠረ ሰው መድኃኒቱ በ4ኛው ቀን ያልቅበታል።

እኔ የያዝኩት ዘዴ ይህ ነው። ቀርከሃ በእኛ አገር ስለማይጠፋ ሠላሳ አርባ ስንጥር አዘጋጁ፤ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ ለስልሱት። ልጁ ይቁጠር፤ አሥር በሞላ ቁጥር ራሱ በክር ይሰር። እናንተ አስራችሁ አትስጡት፤ አንዱ እስር አሥር መሆኑን የሚያምነው በገዛ እጁ ሲያስረው ነው። እስሮቹን በግራ፣ ነጠላዎቹን በቀኝ ያስቀምጥ፤ ከዚያ ይጻፍ። ከ23 ላይ 5 ሲቀንስ ነጠላው ስለማይበቃው አንዱን እስር ይፈታል። ትምህርት ቤት «ተበደር» የሚሉት ይኸው ነው። የአሥር ብር ኖትና የአንድ ብር ሳንቲም ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ኖቱ ተፈትቶ አሥሩን አያሳይምና።

ገልብጦ ሲጽፍ አትቆጡት፤ ጠይቁት። የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 መሆኑን የእንጅባራ ልጅ ሁሉ ያውቃል። 32 ብሎ ከጻፈ «ጥር 32 የሚባል ቀን አለ?» በሉት፤ ስቆ ራሱ ያርመዋል።

መዋዕለ ሕፃናት በእንግሊዝኛ የሚቆጥር ልጅ ካላችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ በአማርኛም ቁጠሩለት። «አሥራ ሦስት» ስንል እንደ አጻጻፉ አሥሩን እናስቀድማለን። «ሰርቲን» ግን ሦስቱን ያስቀድማል፤ ከ«ሰርቲ» ጋርም ለጆሮ ይመሳሰላል።

የእናንተ ልጅ የት እንደደረሰ ለማወቅ ዛሬ ማታ አሥራ ስድስት የባቄላ ፍሬ ስጡት። 16 ብሎ ይጻፍና 1ን እያሳያችሁ «ይህ የትኞቹ ናቸው?» በሉት። አንድ ፍሬ ብቻ ካነሳ፣ ከመቶ በላይ ከማስቆጠራችሁ በፊት ክሩንና ስንጥሩን አምጡ።